በአንድ ዓይን የተጫወተው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች

በገና ሰሞን ወጣቶች ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘው ጥንግ ሲያሳድዱ፥ ጌታና ሎሌ ሳይለይ በአንድ ሜዳ ሲጋፉ ማየት የአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ይህን የመሰለ ጨዋታ በረጋ በረዶ ላይ እየተጫወተ ደመወዝ የሚቀበል ሰው አለ ቢባል፥ በጭሮም ሆነ በገለምሶ፥ በሂርናም ሆነ በበዴሳ የሚኖር አባት በቶሎ ላያምን ይችላል። በእኛ ዘንድ በረዶ ማለት ለመታጨድ የደረሰውን ማሽላ የሚያረግፍ መዓት ነውና። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ጨዋታ ጠባይና በወጣትነቱ እንጀራው ያደረገውን የአንድ ሰው ታሪክ ለወላጆች ልናስረዳ አሰብን።

ጨዋታው የበረዶ ሆኪ ይባላል። ከየወገኑ 6 ሰዎች፥ አንዱ በር ጠባቂ ሆኖ፥ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ይጋጠማሉ። የሚመቱት እንደ ጥንግ ድቡልቡል ያልሆነ፥ ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ ነው። ጨዋታው 20 ደቂቃ በሚፈጁ ሦስት ክፍሎች ይከፈላል። ጎማው ከበትሩ ሲወጣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይበርራልና አደጋው ቀላል አይደለም።

ዊሊ ኦሪ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካናዳ፥ ፍሬድሪክተን በምትባል ከተማ ተወለደ። የቀድሞ አባቶቹ ከአሜሪካ ባርነት አምልጠው የመጡ ጥቁሮች ሲሆኑ፥ እርሱ ከ13 ልጆች የመጨረሻው ነበረ። በበረዶ ላይ መንሸራተትን ገና በሕፃንነቱ ተማረ። ካደገም በኋላ ጨዋታውን ሥራው ለማድረግ ቈረጠ፤ በ1956 ኩቤክ ኤይስስ በሚባለው ቡድን ገብቶ ደመወዝተኛ ተጫዋች ሆነ።

ነገር ግን ይህን ውል ከመፈጸሙ በፊት ከባድ መከራ አግኝቶት ነበር። በአንድ ግጥሚያ ላይ ሳለ የተመታው ጎማ ቀኝ ዓይኑን ስላገኘው፥ ብርሃኑ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በታላቁ የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ማኅበር ሕግ ደግሞ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው እንዲጫወት አይፈቀድም ነበር። ወጣቱም ነገሩን ሰውሮ ወደ ሜዳ ተመለሰ። የሚጫወተው በግራው ክንፍ ስለ ነበረ፥ ከቀኙ የሚመጣለትን ጎማ ለማየት በየጊዜው አንገቱን ጨርሶ ማዞር ግድ ሆነበት።

በዚያን ዘመን በታላቁ ማኅበር የነበሩት ቡድኖች 6 ብቻ ነበሩ፤ ከነርሱም ውስጥ ጥቁር ሰው ተሰልፎ አያውቅም። እነሆ ጥር 10 ቀን 1950 ዓ.ም. ማለት ጃንዋሪ 18 ቀን 1958፥ እኛ ከተራ በምንልበት ዕለት፥ የ22 ዓመቱ ዊሊ ኦሪ የቦስተን ብሩይንስን ልብስ ለብሶ በሞንትሪያል ከተማ ገባ። ቡድኑም 3 ለ 0 አሸነፈ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት የተጫወተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያም ወደ ታናሹ ቡድን ተመለሰና ሁለት ዓመት ያህል በትዕግሥት ቈየ።

እንደ ገና ተጠርቶ በ1960 እና በ1961 መካከል 43 ጊዜ ተጫወተ። ተመልካቾች በቀለሙ ምክንያት ሲሰድቡት፥ እርሱ የሚመልሰው በጨዋታው ነበረ። የመጀመሪያውን ግብ ያገባውም ታኅሣሥ 23 ቀን 1953 ዓ.ም.፥ ለእኛ ገና 6 ቀን ሲቀረው ነው። በዚያ ዘመን ያገባው በጠቅላላው 4 ግብ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ታላቁ ማኅበር አልጠራውም። ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች እስኪገባ ድረስም እስከ 1974 ዘገየ።

አንባቢው ነገሩ በዚህ አለቀ ይል ይሆናል። አላለቀም። ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በሌላ ማኅበር ሲጫወት፥ አሠልጣኙ ከግራው ክንፍ ወደ ቀኙ አዛወረው። በቀኝ በኩል ሲቆም ሜዳው በሙሉ በደኅናው ዓይኑ ፊት ሆነለትና፥ በ1964 እና በ1965 መካከል 38 ግብ አገባ። እስከ 1979 ድረስ ተጫወተ። በ2018 ስሙ በሆኪ የክብር መዝገብ ገባ፤ በ2022ም ቦስተን 22 ቍጥር ልብሱን ለሌላ እንዳይሰጥ ወስኖ በአዳራሹ ሰቀለለት።

ከወገኖቻችንም ወደ በረዶ ጨዋታ የገባ አለ። ሮቤል ተክለ ማርያም በ1974 በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በበረዶ ላይ በእግር መንሸራተቻ መሮጥን ተማረ። በ2006 በቶሪኖ፥ በ2010ም በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ብቻውን ተሰለፈ። በረዶ በሌለበት በአዲስ አበባ ጎዳናም ጎማ በተገጠመለት መንሸራተቻ ይለማመድ ነበር። ሜዳልያ ባያገኝም የአገሩ ስም ባልተሰማበት ቦታ እንዲሰማ አደረገ።

እንግዲህ በጭሮ ሜዳ የጨርቅ ኳስ ሲያሳድድ የሚመሽበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ከዚህ ምን ያገኛሉ? ልጁን ለጨዋታ ፍቅሩ ብቻ ሥራ ፈት ብለው አይንቁት፤ ጨዋታውም እንደ ማናቸውም ሥራ ድካምና ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን ደብተሩን አያስጥሉት፤ ለብዙው ተጫዋች የታላቁ ሜዳ ዘመን አጭር ነውና። ውል ፈርም ሲባልም አንብቦ ለሚያስረዳ ሰው ሳያሳዩ፥ ዘመኑንና ደመወዙን፥ ቢጎዳም ማን እንደሚያሳክመው ሳያውቁ አያስፈርሙት።

ስለ ተሰወረው ዓይን ግን ፍርዱ ቀላል አይደለም። ቢናገር ኖሮ ታላቁን ሜዳ ባልረገጠ ነበር፤ ባለመናገሩ ደግሞ የቀረችውን አንዲት ዓይን በየግጥሚያው አስይዞ ተጫወተ። እኛ ብርታቱን እናደንቃለን፤ ይህን ብርታት ግን ከልጆቻችን አንጠይቅም። ልጅ ጉዳቱን የሚሰውረው ቢናገር የሚወደውን እንዳይነጥቁት ስለሚፈራ ነው። ማታ እያነከሰ የገባውን ልጅ «ማን ተጫወት አለህ?» ከማለት በፊት «የቱ ጋ አመመህ?» ማለት የእናትና የአባት ፈንታ ነው።