ከኮልንብሩክ እስከ ሃንገርፎርድ፦ መንገደኛ ያኖራቸው መንደሮች

ከለንደን ወደ ምዕራብ የሚወጣው የድሮው የባዝ መንገድ ዛሬ ኤ4 ይባላል። የእንግሊዝን ባርክሻየር አውራጃ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ ኮልንብሩክ ላይ ገብቶ፣ በስላው፣ በሜደንሄድ፣ በሬዲንግ፣ በታቻምና በኒውበሪ አልፎ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ሃንገርፎርድ ላይ ይወጣል። ስሙን ያገኘባት ባዝ ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡባት ከተማ ናት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጋ ሁሉ ለፍል ውኃውና ለጭፈራው ወደ ባዝ ይጎርፍ ነበር። ፈረስ ይደክማል፤ ሠረገላውም በየተወሰነ ርቀት ቆሞ ፈረስ መለወጥ ነበረበት። መንደሮቹን ያበላቸው ይህ ድካም ነው። ድርቆሽ ሻጩ፣ ባለ ፈረስ ጫማው፣ አልጋ አከራዩ፣ ሁሉም የሚኖረው በሚቆም መንገደኛ ነበር። ከሜደንሄድ ወዲያ ያለው ጫካ በሽፍታ የታወቀ ስለነበረ ብዙዎች ሲመሽ እዚያው ከተማ ማደርን ይመርጡ ነበር። ሽፍታው ሳያውቀው ለእንግዳ ማረፊያዎቹ ደንበኛ ያመጣ ነበር ማለት ይቻላል።

የሬዲንግ ታሪክ ከሁሉም የሚጣፍጥ ነው። ጆሴፍ ሃንትሊ በ1822 ለንደን ስትሪት ላይ ትንሽ ዳቦ ቤት ከፈተ። ከፊት ለፊቱ ሠረገሎች የሚቆሙበት የእንግዳ ማረፊያ ስለነበረ ብስኩቱን እዚያ ለቆሙት መንገደኞች መሸጥ ጀመረ። በመንገዱ ንውጥውጥታ ብስኩቱ እንዳይሰባበር በቆርቆሮ ሣጥን መክተት መጣ። ያ ሱቅ አድጎ ሃንትሊ ኤንድ ፓልመርስ የተባለው ግዙፍ ፋብሪካ ሆነ፤ ሬዲንግም የብስኩት ከተማ ተባለች።

ኒውበሪ አጠገብ ያለችው ስፒንሃምላንድ ግን የምትታወስበት ነገር ረሃብ ነው። በግንቦት 1795 የአውራጃው ዳኞች ፔሊካን በተባለው የእንግዳ ማረፊያ ተሰበሰቡ። እህል ተወዷል፣ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ዳቦ አልገዛ ብሏል። ዝቅተኛ ደመወዝ መወሰኑን ትተው የድጎማ ስሌት አወጡ፦ አንድ ትልቅ ዳቦ አንድ ሺሊንግ ሲያወጣ፣ ለሰውየው በሳምንት ሦስት ሺሊንግ፣ ለሚስቱና ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ደግሞ አንድ ሺሊንግ ተኩል እንዲደርስ፤ የጎደለውን የደብሩ ነዋሪ ከሚከፍለው ግብር መሙላት። ሐሳቡ ርኅራኄ ነበረው። ነገር ግን ልዩነቱን ሌላ ሰው እንደሚከፍል ያወቀ አሠሪ ደመወዝ ለመጨመር ምን ያስቸኩለዋል? ክርክሩ በ1834 አዲሱ የድሆች ሕግ እስኪወጣ ዘለቀ፤ ምጣኔ ሀብት አጥኚዎች ዛሬም አልተዉትም። የሚገርመው፣ ስለ ድሃ ዳቦ የተመከረበት ፔሊካን በውድ ሒሳቡ የሚታማ ቤት ነበር።

ከዚያ ባቡር መጣ። ሐዲዱ በ1838 ሜደንሄድ፣ በ1840 ሬዲንግ ደረሰ፤ በ1841 እስከ ብሪስቶል ተከፈተ። ፈረስ የሚለወጥበት ምክንያት ጠፋ፤ የሠረገላ ንግዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰመ። ስላው አጠገብ በሶልት ሂል የኢተን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ አስቁመው ገንዘብ የሚሰበስቡበት የቆየ በዓል እንኳ አልተረፈም። ባቡሩ ከለንደን የሚያመጣው ሕዝብ ስለበዛ በ1847 ቀረ።

መኪና መንገዱን መልሶ ቀሰቀሰው። በስላው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው የወታደር መኪና መጠገኛ ሰፈር በ1920 ለግል ባለሀብቶች ተሸጦ የፋብሪካ መንደር ሆነ፤ ማርስ የተባለው ቸኮሌት በ1932 መጀመሪያ የተሠራው በዚችው ከተማ ነው። በ1971 ደግሞ ኤም4 የተባለው ፈጣን መንገድ የእንግሊዝ ክፍል ሲጠናቀቅ የሩቅ ተጓዡ ከኤ4 ወረደ። ኮልንብሩክና ሌላዋ የመንገዱ መንደር ቲል ዋናው መንገድ ወደ ዳር ስለዞረላቸው የድሮ ጎዳናቸው አሁን የነዋሪው ነው።

የሬዲንግ ምዕራባዊ ዳርቻ ካልኮት ግን ተጓዥ ማስቆሙን አልተወም። በ2016 አይኪያ የቤት ዕቃ መደብሩን የከፈተው እዚያ፣ ከኤም4 መውጫ አጠገብ ነው፤ ገዢው ከፈጣኑ መንገድ ወጥቶ በድሮው የባዝ መንገድ ጥቂት ነድቶ ይደርሳል።