የአንድ ቀን ሥልጠና እና የሦስት ደቂቃ ልምምድ

ሕፃኑ ተወልዶ ሳያለቅስ ሲቀር አዋላጇ ያላት ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ታደርቀዋለች፣ ጀርባውን ታሻለች፤ ካልተነፈሰ ጭምብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ በአምቡ ባግ አየር ትሰጠዋለች። አየር በጭምብሉ ዳር እንዳያመልጥ የሚያደርገው የጣት አያያዝ ግን በንባብ አይገኝም፤ እንዲህ ያለ እርዳታ የሚያሻቸው አራሶችም ከመቶ ጥቂቶች በመሆናቸው በሥራ ላይ እጅን ማፍታታት አስቸጋሪ ነው። አብራሪዎችን መሬት ላይ የሚያለማምድ መሣሪያ ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሠራ፣ የኖርዌዩ አሻንጉሊት አምራች ኦስሙንድ ሌርዳልም እ.ኤ.አ. በ1960 የትንፋሽ እርዳታ መለማመጃ አሻንጉሊት ሲያቀርብ የፈቱት ይህንኑ ችግር ነበር፤ ተማሪው ሰው ሳይጎዳ ተሳስቶ እንዲታረም።

ይሁንና መሣሪያው መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። ታንዛኒያ በሚገኘው ሃይዶም ሆስፒታል አዋላጆች ውኃ ሲሞላ የአራስ ክብደት በሚኖረው፣ ጭምብሉ በትክክል ሲገጠም ብቻ ደረቱ በሚነሳ አሻንጉሊት የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። በአሻንጉሊቱ ላይ ያሳዩት ችሎታ ተሻሻለ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። ከዚያ ልምምዱ በየሳምንቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በወር አንዴ ደግሞ 40 ደቂቃ፣ እዚያው በሥራ ቦታቸው እንዲሆን ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱ አራሶች ቁጥር ከሺህ 11.1 ወደ 7.2 ወረደ። አሻንጉሊቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የማስተማሪያው ዘዴ ነው።

የሃይዶሙ ጥናት ከልምምዱ በፊትና በኋላ የሆነውን ያነጻጸረ በመሆኑ ለውጡን ሌላ ነገር አምጥቶት ሊሆን ይችላል የሚል ተቺ አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሞት ብቻ አይደለም የተቀየረው። ጀርባቸው እየታሸ የተነቃቁ ሕፃናት በዙ፣ በአምቡ ባግ አየር መስጠት ያስፈለጋቸውም ቀነሱ። ይህ ልምምዱ ከአሻንጉሊቱ ወደ ማዋለጃ አልጋው መሻገሩን ያሳያል። ተረኛ አዋላጅ ጊዜ የላትም የሚለው ሙግትም የቀን ሙሉ ሥልጠናን እንጂ የሦስት ደቂቃን ልምምድ አይከለክልም። በእኔ እምነት ውድ መሣሪያ ገዝቶ በዓመት አንዴ ከማሳየት፣ ርካሹን በየሳምንቱ ማስነካት ይበልጣል። የጤና ኮሌጅ መምህራንና የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዎች፣ ስኪል ላብ ውስጥ የተቆለፈውን አሻንጉሊት አውጥታችሁ ተረኛዋ በምትደርስበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።