ባሕር በሌለበት የሞገድ ትንበያ፦ የሮውሌት ሐይቅ በአማርኛ ሰዓት

የሞገድ ትንበያ የሚያወጡ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች የተሠሩት ለባሕር ዳርቻ ነው። አራት ነገር ይነግሯችኋል፦ ሞገዱ ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ በስንት ሰከንድ ልዩነት እንደሚመጣ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሻል። በሰሌዳ ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች እሱን ሳያዩ ከቤት አይወጡም። እኔ የምኖርባት ሮውሌት ደግሞ ከዳላስ በስተምሥራቅ ያለች የቴክሳስ ከተማ ናት፤ ከእሷ እስከ ጋልቬስተን ባሕር ዳርቻ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቢሆንም እነዚሁ አራት ጥያቄዎች እዚህም ይጠየቃሉ፤ ከተማዋ የተቀመጠችው በሬይ ሀበርድ ሐይቅ ዳር ነውና።

ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው። የትሪኒቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ገባር ተገድቦ ውሃ መያዝ የጀመረው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ባለቤቱ የዳላስ ከተማ ነው፤ የመጠጥ ውሃ ያጠራቅምበታል። ስፋቱ 92 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሁሉ የጠለቀው ቦታ 12 ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዓሣ አጥማጁም፣ ጀልባ ነጂውም፣ ካያክ ቀዛፊውም እዚያ ነው፤ ከሮውሌትና ከጎረቤቷ ከጋርላንድ የሚመጡ ሐበሾችም በመሐሉ አሉ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፦ ለዚህ ሐይቅ የነፋስና የሞገድ ትንበያ በአማርኛ የሚያሳይ አንድ ገጽ ለመሥራት ምን ያስፈልጋል? ዳታው ነፃ ነው፣ ስሌቱ ሁለት መስመር ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው።

ግማሽ ሜትር ሞገድ ምን ያደርጋል?

ከዳታው እንጀምር። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ትንበያውን በኤፒአይ ለማንም ይሰጣል። ቁልፍ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ጥያቄውን የሚልከው ፕሮግራም ማን እንደሆነ በራስጌው ላይ እንድትገልጹለት ብቻ ነው። መጀመሪያ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ትልካላችሁ፤ እሱ ሮውሌት በፎርት ዎርዝ ቢሮ ሥር ያለችበትን የካርታ ሳጥን ቁጥር ይመልሳል። እያንዳንዱ ሳጥን 2.5 ኪሎ ሜትር በ2.5 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በሳጥኑ ቁጥር የነፋስ ፍጥነት፣ ድንገት የሚበረታው ነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ በጄሰን ይመጣላችኋል። «የሞገድ ቁመት» የሚባል ቦታም አለው፤ ከባሕር ለራቀ ምድር ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የዓለም የሞገድ ሞዴሎች የሚሠሩት ለባሕር ስለሆነ የእኛን ሐይቅ አያውቁትም።

ስለዚህ ሞገዱን ከነፋሱ ራሳችን እናሰላለን። ለዚህ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ያስፈልጋል፦ ነፋሱ ምንም ሳያግደው በውሃው ላይ የሚሮጥበት ርቀት። እኔ «የነፋስ ሜዳ» እለዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያላችሁ ንገሩኝ። ከካርታ ላይ ለየአቅጣጫው ይለካል፤ ከደቡብ ሲነፍስ ሌላ፣ ከምዕራብ ሲነፍስ ሌላ ነው። ቀመሩ ውጤቱ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ከታተመው ጆንስዋፕ ከተባለው የሰሜን ባሕር ጥናት የመጣ ነው፦ የነፋስ ሜዳውን በሜትር ውሰዱ፣ ለ9.81 አካፍሉ፣ ካሬ ሥሩን አውጡ፣ ከዚያ በነፋሱ ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) እና በ0.0016 አባዙት። የሚወጣው የሞገዱ ቁመት በሜትር ነው።

በቁጥር እንየው። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር (በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ በአሜሪካኖቹ 22 ማይል) ይሁን፤ የነፋስ ሜዳው 8 ኪሎ ሜትር ይሁን። ቀመሩ 46 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ነፋሱ በግማሽ ሲቀንስ ሞገዱም በግማሽ ቀንሶ 23 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

«ይቺ ናት እንዴ ሞገድ?» ትሉ ይሆናል። ቁመቱን ብቻ ካያችሁ ትክክል ናችሁ፤ ነገሩ ያለው በሰከንዱ ላይ ነው። የዚያው ጥናት ሁለተኛ ቀመር በእነዚሁ ቁጥሮች 2.7 ሰከንድ ይላል። በ2.7 ሰከንድ የሚመጣ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ብቻ ነው። ባሕር ላይ በ7 ሰከንድ የሚመጣ ሞገድ ግን በጥልቅ ውሃ 76 ሜትር ይረዝማል፤ ጀልባችሁን ቀስ ብሎ አንሥቶ ቀስ ብሎ ያወርዳታል። የሐይቁ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሦስት ሜትር ካያክ ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው ይመታታል። ደግሞም ቀመሩ የሚሰጠው ከሞገዶቹ መካከል የትልልቆቹን ሲሶ አማካይ ነው፤ አልፎ አልፎ የዚያን እጥፍ የሚጠጋ ይነሣል።

አሁን ወደ ሰዓቱ የሚያደርሰን ቁጥር ይኸውላችሁ። 10 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ ነፋስ 8 ኪሎ ሜትር ሜዳውን ሙሉ በሙሉ ለመጠቀም አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ማለትም መስታወት የመሰለ ውሃ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ግማሽ ሜትር ሞገድ ይለወጣል። በትልቅ ውቅያኖስ ላይ ሞገድ ቀናት ተጉዞ ስለሚመጣ የአንድ ሰዓት ስሕተት ብዙም አይጎዳም። በሐይቅ ላይ ግን አንድ ሰዓት ሁሉ ነገር ነው።

«ከ3 እስከ 9»

እዚህ አገር የቆዩ ሰዎች እንግሊዝኛውን ትንበያ ማንበብ አያቅታቸውም። ትንበያው ግን በመጨረሻ በአማርኛ ስልክ ይደወላል። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጎረቤቴ፣ ጋሼ የምላቸው ዓሣ አጥማጅ፣ ልጃቸው ያነበበላቸውን ይዘው ደወሉልኝ፦ «ነፋሱ ከ3 እስከ 9 ነው አለኝ። ከ3 ማለት በማን ሰዓት ነው ልጄ?» የልጁ ስልክ ላይ የተጻፈው ከጠዋቱ እስከ ከሰዓት በኋላ የሚዘልቅ የነፋስ ማሳሰቢያ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ከ9 እስከ 3። ልጁ ወደ ሐበሻ ሰዓት ለውጦ ነበር የነገራቸው። ከ9 እስከ 3 ሲለወጥ ከ3 እስከ 9 ይሆናል፦ ያው ሁለት አኃዝ፣ ቦታ ተለዋውጦ። «በፈረንጅ ነው» ብለው ቢሰሙት ኖሮ ማሳሰቢያው የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ መስሏቸው ጠዋቱን ውሃ ላይ ያሳልፉት ነበር። ጋሼ ጠየቁ፤ ሁሉም ሰው አይጠይቅም።

የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ በቅርብ ዓመታት ትንበያዎችን በኮምፒውተር ወደ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ቬትናምኛ፣ ፈረንሳይኛና ሳሞአኛ መተርጎም ጀምሯል፤ አማርኛ በዝርዝሩ የለም። ቢኖርም ኖሮ ቃላቱን እንጂ ሰዓቱን ይተረጉማል ብዬ አልጠብቅም። ብሮውዘራችሁን በጃቫስክሪፕት «ይህን ሰዓት በአማርኛ ጻፍ» ብትሉት «9:00 ጥዋት» ይላችኋል። ጠዋት 9 ሰዓት የሚባል ነገር በአማርኛ የለም! ካሌንደሩን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርግ ብሎ ማዘዝ ይቻላል፣ መስከረምና ጥቅምትንም ያውቃል። ስድስት ሰዓቱን የሚያዞር ቅንብር ግን የለውም፤ ራሳችሁ መጻፍ ነው። ኮዱ አጭር ነው፦ የአካባቢው ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፣ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 በሉት።

ለመፈተን ስትቀመጡ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኤፒአዩ ጥሬ ቁጥሮቹን የሚሰጠው በዩቲሲ ነው። ቴክሳስ በክረምቱ ወራት ከዩቲሲ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የሐበሻ ሰዓት ደግሞ ሌላ 6 ይቀንሳል። ድምሩ 12! ስለዚህ በታኅሣሥ ወር የዩቲሲ ሰዓት በ12 ሰዓት አቆጣጠር ሲጻፍ ከሐበሻ ሰዓት ጋር አንድ ዓይነት አኃዝ ነው። ዩቲሲ 18 ሰዓት ሮውሌት ላይ እኩለ ቀን፣ በእኛ 6 ሰዓት ነው። ምንም ሳይቀየር የወጣ ቁጥር በክረምት ትክክል ሆኖ ይታያል፣ ሁሉም ፈተና ያልፋል፤ በመጋቢት ሰዓቱ ወደፊት ሲገፋ ግን ገጹ በሙሉ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። ፈተናችሁን በሐምሌ ቀንም ጻፉ።

ሌላው፣ «ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ» የሚሉት ቃላት በሊብረሪዎቹ ውስጥ በሰዓት ቁጥር የታሰሩ ናቸው። አገር ቤት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ ችግር የለውም። ሮውሌት ላይ ግን በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ38 አካባቢ ነው። «ምሽት 2 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ገጽ ጨለማ ነው ያለ ይመስላል፤ ውጭ ግን ሰው መነጽር አድርጎ ይቀዝፋል። የእኔ ምርጫ ቃሉን አለመለወጥ፣ በየረድፉ ጎን ግን ፀሐይ መኖር አለመኖሯን በቀለም ማሳየት ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ደግሞ «ለቅዳሜ አጥቢያ» ብዬ ጻፍሁት፤ «ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት» የትኛው ሌሊት እንደሆነ ሁለት ሰው አይስማማበትምና። አማርኛ ለዚህ ያዘጋጀው ቃል እያለ አለመጠቀም ንፉግነት ነው።

ይህን ሁሉ ለሐይቅ ሽርሽር ብቻ የምጨነቅ እንዳይመስላችሁ። ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 (በፈረንጅ ዲሴምበር 26፣ 2015) ጋርላንድንና ሮውሌትን የመታው አራተኛ ደረጃ ቶርኔዶ 10 ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙዎቹ በአይ 30 እና በጆርጅ ቡሽ መንገድ መገናኛ አካባቢ በመኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሰዓቱ በፈረንጅ 6፡45 ገደማ፣ በእኛ ከምሽቱ 12፡45 ነበር። በዚያች ምሽት «6 ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ» የሚል የአማርኛ መልእክት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ለዚህ ነው ገጹ ላይ ከእያንዳንዱ የሐበሻ ሰዓት ሥር የፈረንጁን በትንሽ ፊደል ያስቀመጥሁት። ያስጠላል፣ ቦታ ይፈጃል፤ ግን ይኑር።

አቅጣጫ አጭር ጉዳይ ነው። ዳታው 180 ሲል ነፋሱ ከደቡብ ይመጣል ማለት ነው። «የደቡብ ነፋስ» ብላችሁ ብትጽፉ ግማሹ አንባቢ ወደ ደቡብ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ቀስት ብትስሉም አንዱ መተግበሪያ ወደሚሄድበት፣ ሌላው ወደመጣበት ይጠቁማል። «ከደቡብ ወደ ሰሜን» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ዳላስ አካባቢ ብዙውን ጊዜ የሚነፍሰው ከደቡብ ነው፤ በክረምት ግን ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ዞሮ ከሰሜን ይበረታል። ጠዋት በደቡቡ ዳር ጸጥ ያለ ውሃ አይቶ የወጣ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ያው ዳር ሞገዱ ሁሉ የሚያርፍበት ሆኖ ይጠብቀዋል።

በበጋ ወደ ጋልቬስተን ለምትወርዱ ደግሞ፦ እዚያ ስሌት አያስፈልግም፤ ቁጥር 42035 የተባለው ተንሳፋፊ መለኪያ ከባሕሩ ላይ ሞገዱን ለክቶ ይልካል። እናንተ ማየት ያለባችሁ ከሞገዱ ቁመት ይልቅ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረት ስጋት ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይስ ከፍተኛ መባሉን ነው። ወደ ባሕሩ ዘልቀው የገቡት የድንጋይ ክምሮች አጠገብ ጅረቱ ይበረታልና ከእነሱ ራቁ።

ኮዱ ሮውሌት ላይ ብቻ አይቀርም። ኦፕን ሚቲዮ የተባለው አገልግሎት ለዓለም ሁሉ የነፋስ ትንበያ ያለ ቁልፍ ስለሚሰጥ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ወደ ጣና ቀየርሁት። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረጅሙ አቅጣጫ 60 ኪሎ ሜትር የነፋስ ሜዳ ብንወስድ ያው 10 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ረዘም ላለ ሰዓት ከነፈሰ 1.25 ሜትር ሞገድ ያነሣል። የሐይቁ ውሃ ጥልቀት ስለሌለው በተግባር ከዚያ ያንሳል፤ ለደንገል ታንኳ ግን ግማሹም ብዙ ነው። የጣና ጀልባ ነጂዎች ወደ ገዳማቱ ጠዋት መሄድን የሚመርጡት ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ ስለሚያውቁ ነው፤ ይህን ለማወቅ የእኔ ገጽ አላስፈለጋቸውም። የሚጠቅማቸው ነገር ካለ፣ ነፋሱ ከተለመደው ቀድሞ የሚነሣበትን ቀን መንገር ነው፤ ለዚያም ኢንተርኔት ሳይሆን አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል። የግዕዝ ፊደል በአንድ መልእክት 70 ቁምፊ ብቻ ይፈቀድለታል፤ ላቲን 160 ነው። አያንስም፤ «ጣና ደቡብ፦ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነፋስ ይበረታል። ከ7 በፊት ተመለሱ።» ብዬ ቆጠርሁት፣ 45 ነው።

የጎደለኝ ማመሳከሪያ ነው። ባሕር ዳር፣ ጎርጎራ ወይም ዘጌ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ለአንድ ሳምንት ነፋሱ የተነሣበትን ሰዓትና ሞገዱ በጀልባው ጎን ላይ እስከየት እንደደረሰ ጽፋችሁ ብትልኩልኝ ከስሌቱ ጋር አስተያየዋለሁ። ሰዓቱን በሐበሻ ጻፉት፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ግን አትርሱ።