ባቲስቱታና መንግሥቱ፦ አሥር አሥር ጎል

በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከጄኔቫ ዙሪክ ድረስ በባቡር መጣ። መንገዱ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከኳስ ሌላ ወሬ የለውም። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ እንዳይውል ብዬ ኤንገ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ወዳለው የፊፋ ሙዚየም ወሰድኩት።

እዚያ የ211 ብሔራዊ ቡድኖች መለያ እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ተደርድሯል። መለያ ማለት ተጫዋቾች የሚለብሱት ማልያ ነው። የኢትዮጵያን ፈልገን አገኘነው፤ ፎቶም ተነሣን። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ እኛ እኮ አንድም ጊዜ የዓለም ዋንጫ ገብተን አናውቅም። ጎበዝ አጥቂም ኖሮን አያውቅም።»

«እኛ» ማለቱ ደስ አለኝ። የቀረው ግን ቆረቆረኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ስህተት ነው፤ ስህተት መሆኑን ለማስረዳት ደግሞ ከአርጀንቲና መጀመር ነበረብኝ።

የኔ የልጅነት አጥቂ ጋብርኤል ባቲስቱታ ነበር። አዲስ አበባ ሳድግ የ1998ቱን የዓለም ዋንጫ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ነበር የምናየው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ።) ባቲስቱታ ጃማይካ ላይ ሦስት ጎል ሲያገባ ግማሹ ሰፈር አዘነ፤ ጃማይካ ለኛ ሩቅ አገር አይደለችምና። እኔ ግን ሳልደበቅ ጨፈርኩ። ረጅም ጸጉር ነበረው፤ ኳስ ሲመታ መረቡ የሚቀደድ ይመስል ነበር። ከአራት ዓመት በፊትም ግሪክ ላይ እንዲሁ ሦስት አግብቷል። ክለቡ ፊዮረንቲና በ1993 ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርድ ትቶት አልሄደም፤ አብሮ ወርዶ አብሮ ተመለሰ። በ1994/95 የጣሊያን ሊግ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ፤ 26 ጎል። በ2001 ከሮማ ጋር ሻምፒዮን ሆኖ በ2005 ካታር ውስጥ ጫማውን ሰቀለ። «ጫማ ሰቀለ» ማለት ኳስ መጫወት አቆመ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቁርጭምጭሚቱ በጣም ያመው ስለነበር ሐኪሙን «እግሬን ቁረጥልኝ» ብሎ እንደለመነ ራሱ ተናግሯል።

በሦስት የዓለም ዋንጫዎች ያገባው ጎል ሲደመር አሥር ነው። አራት፣ አምስት፣ አንድ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል። ባቲስቱታ ኳስ ሲያቆም እሱ ገና አልተወለደም ነበር፤ ግን ጎሎቹን በቪዲዮ አይቷቸዋል። «ሌላም አሥር ጎል ያለው አጥቂ አለ» አልኩት። «የአፍሪካ ዋንጫ ላይ። ከድሮግባ የሚያንሰው በአንድ ጎል ብቻ ነው። ስሙ መንግሥቱ ወርቁ ይባላል።»

ስሙን ሰምቶት አያውቅም። እናንተም ካልሰማችሁት አልፈርድባችሁም፤ ጎሎቹን በቪዲዮ ማግኘት እንደ ባቲስቱታ ቀላል አይደለም። ስለዚህ እንደ ተረት መስማት አለባችሁ።

መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ አጥቂ ነበር። ክለቡ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ ነው። ጄኔቫ ለሚኖር ልጅ ይህ ዓመት ሌላም ነገር ያስታውሰዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው የጣሊያንን ወረራ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር የከሰሱት በዚያው ዓመት ነው። እኔም ሁለቱን ያገናኘኋቸው ይህን ስጽፍ ነው።

አሁን ወደ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እንሂድ። እሑድ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ። አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ይካሄዳል። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋለች፤ ከአራቱ ሁለቱን ያገባው መንግሥቱ ነው። የዛሬዋ ተጋጣሚ ግብፅ ናት። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው እሷ ነች።

ግብፅ ቀድማ አገባች። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ጮኾ ሳይጨርስ፣ በ75ኛው፣ ግብፅ ደገመች። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ፤ 2 ለ 2። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። በ101ኛው የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ደግሞ መንግሥቱ አራተኛውን አገባና ነገሩ አለቀ። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቻኖ ሰጡት። የቫሳሎ ወንድማማቾች አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። «ከየት ነህ?» የሚለውን ጥያቄ እነሱም ሳይጠየቁ የቀሩ አይመስለኝም።

መንግሥቱ በዚያ ውድድር ሦስት ጎል አስቆጥሮ ከግብፁ በደዊ ጋር ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን የወሰደችው ያኔ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ታዲያ ለምን የዓለም ዋንጫ አልተጫወተም?» አለ።

መልሱ የሚጀምረው እዚሁ ስዊዘርላንድ ነው። በ1954 የዓለም ዋንጫ የተካሄደው እዚህ ነበር፤ ከአፍሪካ አንድም ቡድን አልነበረም። ከእስያ የመጣችው ደቡብ ኮሪያ ዙሪክ ላይ በሃንጋሪ 9 ለ 0፣ ጄኔቫ ላይ በቱርክ 7 ለ 0 ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ «እነዚህ አህጉሮች ገና ናቸው» ማለት ለብዙዎች የቀለለ ይመስለኛል።

በጥር 1964 ዋና መሥሪያ ቤቱ ዙሪክ የሆነው ፊፋ ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዋንጫ ቦታ አደላደለ። ቦታው 16 ነበር። አሥሩ ለአውሮፓ፣ አምስቱ ለደቡብ፣ ለመካከለኛና ለሰሜን አሜሪካ ተሰጠ። አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ በሙሉ አንዲት ቦታ ደረሰቻቸው። የአፍሪካ አሸናፊ ቀጥታ አይገባም፤ ገና ከእስያና ከኦሺኒያ አሸናፊ ጋር መጋጠም አለበት። የሂሳብ ሰው ባልሆንም ኖሮ ይህ ድልድል አይገባኝም ነበር።

ሁለት ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙ። አንዱ የጋናው ኦሄኔ ጃን ነው። ሌላው የኛው ይድነቃቸው ተሰማ። ይድነቃቸው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነው፤ አባቱ በግጥምና በዘፈን የታወቁ ነበሩ። እሱ ራሱ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበር። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የ1962ቱን ቡድን አሰልጥኗል፤ ኋላም ከ1972 እስከ ዕለተ ሞቱ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኗል። የአፍሪካ ጥያቄ ሁለት ነበር፦ አንድ ሙሉ ቦታ ስጡን፤ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካንም አትቀበሉ። ደቡብ አፍሪካ በ1964 ታገደች። ቦታው ግን አልተሰጠም። ስለዚህ ለማጣሪያው የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ ቡድኖች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ሁሉም ራሳቸውን አገለሉ። ፊፋም በገንዘብ ቀጣቸው።

በ1966 እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ጎል ያገባው ሞዛምቢክ የተወለደው ኢዩዜቢዮ ነው፤ ዘጠኝ። የተጫወተው ግን ለፖርቱጋል ነበር። ያቺን አንዲት ቦታ ያገኘችው ሰሜን ኮሪያ ደግሞ ጣሊያንን 1 ለ 0 አሸንፋ አሰናበተቻት። መንግሥቱ ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ነበር። ለአንድ አጥቂ ከዚህ የተሻለ ዕድሜ የለም።

ፊፋ ኋላ ሐሳቡን ቀየረ፤ ለ1970 አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች። ቦታዋን የያዘችው ሞሮኮ ናት። ኢትዮጵያ በሱዳን ተሸንፋ ቀረች። ለ2026ቱ ዋንጫ አፍሪካ ያገኘችው ቀጥታ ቦታ ዘጠኝ ነው።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። ያኔ ባንወጣ ኖሮ እንግሊዝ እንገባ ነበር ብዬ አልምልም። በ1961 ለቺሊው ዋንጫ ማጣሪያ በእስራኤል 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸንፈናል። ጋናም ያኔ ኃይለኛ ነበረች። የማይካደው ግን ይህ ነው፦ ባቲስቱታ አሥሩን ጎል ያገባው ዓለም ሁሉ እያየው ነው። መንግሥቱ የሱን አሥር ሲያገባ የሚያየው ስታዲየም የገባው ሰው ነበር።

መንግሥቱ ኳስ ካቆመ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። በ1982 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ተካፈለ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት አልተመለሰችም። በ2013 ስትመለስ መንግሥቱ አላየም፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አርፏል።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ዝናቡ አላቆመም ነበር። የእህቴ ልጅ ኮፍያውን ደፍቶ ጥቂት ሄደና ቆመ።

«ጋሼ፣ ቡድኖቹ ሲወጡ ተጫዋቾቹን ማን ጠየቃቸው?»

«አንተ ብትጠየቅ ምን ትል ነበር?»

አሰበ። «እጫወታለሁ እል ነበር» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ግን ለአንድ ቦታ ለሦስት አህጉር? እኔ እንጃ» አለ። ትራሙ መጣና ሮጥን።

ማታ ከባቡር ውስጥ የስልክ መልእክት ላከልኝ። «መንግሥቱ» ሲጻፍ በየትኛው «ስ» እንደሆነ ፈልጎ ነው። «በንጉሡ ሠ» ብዬ መለስኩለት።