ከሐኪምነት ወደ መምህርነት፦ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና ለትምህርታችን ያለው ትርጉም

በአገራችን የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ሲወሳ በቅድሚያ ከሚነሡት ስሞች አንዱ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። እኒህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሱት በሐኪምነታቸው ቢሆንም፣ የዕድሜያቸውን ከፍተኛ ክፍል ያዋሉት ለትምህርትና ለአስተዳደር ሥራ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ በማቅረብ፣ በውጭ አገር የሠለጠነ አንድ ሐኪም ወደ ማስተማር እንዴት እንዳዘነበለና ይህም ዝንባሌ በኋላ ለተቋቋመው የከፍተኛ ሕክምና ትምህርት ምን ትርጉም እንዳለው ማብራራት ነው።

የመቅደላው ሕፃን

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የመቅደላ አምባ፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግና ግምጃ ቤት ብቻ አልነበረም። ከጎንደር የተሰበሰቡ የብራና መጻሕፍትም የተከማቹበት የዕውቀት መዝገብ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ በወደቀና ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ ብዙ ሀብት ተዘረፈ፤ ከዚህም መካከል 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

የተወሰደው ግን ዕቃ ብቻ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ በዚያው ዐረፈ። በ1857 ዓ.ም. በጎንደር የተወለደው ወርቅነህም በጦርነቱ ሰሞን በመቅደላ ከወላጆቹ ተለይቶ በመገኘቱ፣ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። ከዚያም ለትምህርቱ ወጪ የረዳው ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ስለ ነበር፣ ልጁ ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም አደገ። ከሁለቱ የመቅደላ ልጆች በሕይወት ሳለ አገሩን ዳግመኛ ለማየት የበቃው እርሱ ብቻ ነው።

ትምህርትና ወደ አገር መመለስ

ወጣቱ በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ የሕክምና ማዕረጉን ካጸና በኋላ፣ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ በሐኪምነት ማገልገል ጀመረ። ከዓድዋ ድል በኋላ ግን የትውልድ አገሩ ነገር በልቡ አደረ።

ሐኪም ወርቅነህ አዲስ አበባ የደረሱት በ1892 ዓ.ም. ነበር። በዚያም አያታቸው በአካላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው፤ ወርቅነህ የሚለውንም ስማቸውን መልሰው አገኙ። ሆኖም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጠፍቷቸው ስለ ነበር፣ አማርኛን እንደ እንግዳ እንደ ገና መማር ግዴታ ሆነባቸው። ከ1900 እስከ 1905 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ አክመዋል። በ1911 ዓ.ም. የበርማ አገልግሎታቸውን በጡረታ ፈጽመው ጠቅልለው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

ለምን ወደ ትምህርት አዘነበሉ?

አንድ ሐኪም በቀን ሊያክመው የሚችለው የሕመምተኛ ቁጥር የተወሰነ ነው። ሕመሙን የሚያመጣው ድህነት፣ የውሃና የመንገድ እጦት፣ የዕውቀትም ማነስ በሆነበት አገር፣ ዛሬ የዳነው ነገ ተመልሶ ይታመማል። የሐኪም ወርቅነህን ሥራ በቅደም ተከተል የሚመረምር ሁሉ፣ ፈውስን ከመድኃኒት ባሻገር በትምህርት ይፈልጉ እንደ ነበር ይገነዘባል።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ እርሳቸው ሆኑ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች የተቋቋመውንም ትምህርት ቤት መርተዋል። የዓለምን ጂኦግራፊ የሚያስረዳ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ልዩ አስተውሎት ይገባዋል፤ በልጅነቱ ቋንቋውን የተቀማ ሰው፣ በባዕድ ቋንቋ ያገኘውን ዕውቀት ለወገኑ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው መልሶ ማቅረቡ ነውና። በ1920 ዓ.ም. ለመንግሥት ጉዳይ ወደ አሜሪካ በተላኩ ጊዜም ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

ከዚያ በኋላ የጨርጨር ገዥ፣ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። የካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች በፈጸሙት እልቂት፣ በእንግሊዝ አገር የተማሩ ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ተገደሉ። አባት ልጆቻቸውን ካጡ በኋላም አገራቸውን አልተዉም፤ በ1934 ዓ.ም. ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ

ሐኪም ወርቅነህ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አልነበሩም፤ በሥራ ዘመናቸው በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ አልነበረምና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ በትውልድ ከተማቸው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው። ሆኖም የተከሉት ዘር አልጠፋም። በ1920 ዓ.ም. የተወለዱት ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ከነጻነት በኋላ የተማሩት በዚያው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነበር። በስኮትላንድ በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን አጥንተው ከተመለሱ በኋላም በቀዶ ሕክምና ባለሙያነት፣ በሕክምና ፋኩልቲ መምህርነትና በዲንነት አገልግለዋል። የመጀመሪያው ትውልድ ሐኪም ትምህርት ቤት መራ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ያለፈው ሐኪም ደግሞ ሐኪሞችን በአገሩ አሠለጠነ። በዚህ ዓይነት የሕክምና ዕውቀት ከግለሰብ ችሎታነት ወደ ተቋምነት ተሸጋገረ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር፣ የተማረ ሰው ሥራ የሚለካው ራሱ በፈጸመው ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ካለፈ በኋላ ሥራውን የሚቀጥል ሰው በማፍራቱ ጭምር መሆኑን ነው። በ1860 ዓ.ም. መጻሕፍትና ልጆች ከመቅደላ ወደ ባዕድ አገር ተጋዙ። ዛሬ በዚያ አምባ ስም የተሰየመው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውልያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ያስተምራል። አንድ ሕፃን ዕውቀትን ለማግኘት ስሙንና ቋንቋውን አጥቶ ባሕር መሻገር የነበረበት ዘመን ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ለሚያውቅ፣ በዚያው ደጋ የሚከፈት እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ተራ ነገር አይደለም። ክፍሉን በብቁ መምህርና በመጽሐፍ ማሟላት ግን የዚህ ትውልድ ግዴታ ነው።