ማሽኑ ጣታችንን የሚያነበው እንዴት ነው?



ባለፈው የራሽን ቀን አንዲት እናት ጣታቸውን ማሽኑ ላይ ሦስት ጊዜ ቢያስቀምጡ ሦስቱንም ጊዜ አልተቀበላቸውም። በማግስቱ ልጃቸው ክፍል ውስጥ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ማሽኑ እናቴን ውሸታም ናት አላት ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙዎች ስለመሰለኝ መልሱን እነሆ።

እስቲ የጣታችሁን ጫፍ በብርሃን ተመልከቱ። እንደ እርሻ ትልም የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ። አንዳንዱ መስመር በድንገት ያበቃል፤ ሌላው እንደ ባላ እንጨት ለሁለት ይከፈላል። እነዚህ መስመሮች የሚሠሩት ገና በማኅፀን ሳለን ነው፤ ጥልቅ ቁስል ካልደረሰባቸው በቀር አቀማመጣቸው ዕድሜ ልክ አይለወጥም። መልካቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ አሻራቸው ይለያያል።

ድሮ አሻራን የሚያነጻጽሩት ባለሙያዎች በአጉሊ መነጽር ነበር። ዛሬ ሥራውን ኮምፒዩተር ያፋጥነዋል። ማሽኑ የጣታችንን ምስል ያነሣና መስመሮቹ የሚያበቁባቸውንና የሚከፈሉባቸውን ቦታዎች ለቅሞ በቁጥር ይመዘግባል። በሌላ ቀን ስንመጣ አዲሶቹን ቁጥሮች ከቀድሞዎቹ ጋር ያስተያያል።

ይሁን እንጂ ጣት ሁልጊዜ እኩል አያርፍም፤ ላብና አቧራም አለ። ስለዚህ ማሽኑ የመመሳሰሉን መጠን በነጥብ ያስቀምጣል። እንደ ፈተና የማለፊያ ነጥብ አለው፤ እሱንም የሚወስኑት ሰዎች ናቸው። በጣም ከፍ ካለ እውነተኛው ባለቤት ይወድቃል፤ በጣም ዝቅ ካለ ሌላ ሰው በስሙ ሊያልፍ ይችላል።

ልብስ የሚያጥብ፣ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው የጣቱ መስመር ይሳሳል። በእርጅናም እንዲሁ። ማሽኑ «አልተነበበም» ሲል ምስሉ አልጠራልኝም ወይም ነጥቡ አልሞላም ማለቱ ነው። ስለ ሰውየው እውነተኛነት የሚያውቀው ነገር የለም። በዚህም ምክንያት ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በብዙ አገሮች ባስፋፋው አሠራር ከ10 ጣቶች ጋር የሁለቱንም ዓይን ብሌን ምስል ይመዘግባል። አንዱ እምቢ ሲል ሌላው ይሞከራል።

ማሽኑ «ይመሳሰላል» ሲልም ሰው ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የተገኘ አሻራ ወደ አሜሪካ ተላከ። ኮምፒዩተሩ ተቀራራቢ አሻራዎችን መርጦ አቀረበ፤ የኤፍ.ቢ.አይ. ባለሙያዎችም አሻራው የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው አሉ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ከታሰረ በኋላ የስፔን ፖሊስ የሌላ ሰው መሆኑን ስላረጋገጠ ተፈታ፤ ኤፍ.ቢ.አይ.ም ይቅርታ ጠየቀ።

እንግዲህ ወላጆች፣ ከሰልፉ በፊት እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ካልተነበበ ሌላ ጣት ወይም ዓይን እንዲሞከርላችሁ ጠይቁ። በምዝገባ ጊዜ ደግሞ ስማችሁና የልደት ዘመናችሁ በትክክል መጻፉን ተመልከቱ። አሻራው የሚናገረው ጣቱ ያው ጣት መሆኑን ብቻ ነው፤ ከጎኑ የተጻፈውን የሚጽፈው ሰው ነው።

የዚያ ልጅ እናት ልብስ አጥበው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው፤ የጣታቸውን መስመር ያሳሳውም ይኸው ሥራ ነው። በሌላ ጣታቸው ተሞክሮ ራሽናቸውን ወስደዋል። ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት።