ያሰቡትን ስለ መፈጸም

ደጋን በደቡብ ወሎ፥ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ባቲ ሰኞ ሰኞ ታላቅ ገበያ ስላለ፥ በዚህ መንገድ የሚወርድ ሰው ብዙ ነው። ጭነቱን አስሮ ከቤቱ የሚወጣ ነጋዴ «ባቲ እደርሳለሁ» ብሎ ይነሣል፤ ነገር ግን በደጁ ቆሞ ባቲን አያያትም። የሚያየው በፊቱ ያለውን ቁልቁለት ነው። እርሱን ከወረደ በኋላ ወንዙን ያስባል፥ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ጥላ ያለበትን ማረፊያ ያስባል። መንገድን የለመደ ሰው ርቀቱን እንዲህ አድርጎ ይከፋፍለዋል። አሳቡን ለመፈጸም የሚሻ ተማሪም ይህን ከነጋዴው ሊማር ይችላል።

አዲስ ዓመት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ ልጆች በልባቸው ብዙ ነገር ይቆርጣሉ። አንዱ፦ «ዘንድሮ ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ እወጣለሁ» ይላል። ሁለተኛው፦ «ከእንግዲህ ወዲህ አልዋሽም» ይላል። ሦስተኛይቱም፦ «የማንበቢያ መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ እጨርሳለሁ» ትላለች። የሁሉም አሳብ መልካም ነው፥ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ነገር ግን የመስቀል በዓል እስኪደርስ፥ ይኸውም በ16 ቀን ውስጥ፥ ብዙዎቹ አሳባቸውን ረስተውት ይገኛሉ። ይህ የሚሆነው ልጆቹ ሰነፎች ስለ ሆኑ ነው የሚል ሰው አይታጣም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

አንደኛ እወጣለሁ ያለው ልጅ ነገ ማለዳ ምን መሥራት እንዳለበት አያውቅም። አንደኛ መውጣት የዓመት ፍሬ ነው እንጂ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ደግሞም በእርሱ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ሌሎቹ ልጆች ከእርሱ ይልቅ ቢተጉ እርሱ ሳያጠፋ ሁለተኛ ይሆናል። «በየማታው ከራት በፊት 5 የሒሳብ ጥያቄ እሠራለሁ» ቢል ግን፥ ማታ ሲሆን «ሠራሁ» ወይም «አልሠራሁም» ብሎ ለራሱ መልስ መስጠት ይችላል። አልዋሽም ያለውም ልጅ እንዲሁ ነው። ውሸት የሚመጣበትን ሰዓት አስቀድሞ ያላሰበ ሰው፥ ውሸቱ ከአፉ ከወጣ በኋላ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ነገሩን ወደሚያውቀው ስፍራ ያውርደው፤ «ፍየሌ ከጎረቤት ማሽላ የገባች እንደ ሆነ፥ ሳልጠየቅ ሄጄ ለባለቤቱ እነግራለሁ» ይበል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ከዱላ ፊት ለቆመ ልጅ ግን ትንሽ አይደለም።

ታላቁን ሥራ በቀን መከፋፈል የጥንት መምህራን ያውቁት የነበረ ጥበብ ነው። በወሎ ቁርአን የሚማር ልጅ ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ ይይዛል፤ ስሙም ሎሕ ይባላል። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለምና በሸምበቆ ብርዕ የዕለቱ ክፍል ይጻፍበታል። ልጁ ያንን እያሰማ ደጋግሞ ያነበዋል። በመምህሩ ፊት አንብቦ በቃሉ የያዘው እንደ ሆነ፥ ሰሌዳው በውኃ ይታጠብና ሌላ ክፍል ይጻፍበታል፤ ካልያዘው ግን አይታጠብም። ቁርአን 114 ምዕራፍ አለው። ልጁ ግን ተሸክሞ የሚውለው አንዲቱን ሰሌዳ ብቻ ነው።

በቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ቤት የሚሠራበት መንገድ ከዚህ አይርቅም። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ የሚደግሙት ሰዎች ለሳምንቱ ቀኖች አካፍለውታል። የሰኞው ድርሻ ከ1 እስከ 30፥ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 ነው፤ የቀሩትም ቀኖች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፀጉራቸው የሸበተ ካህን እንኳ ሰኞ ቀን ስለ ቅዳሜው ድርሻ አይጨነቁም።

እዚህ ላይ ግን ስለ ትጋት የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ። የልጅ ቀን የልጁ ብቻ አይደለም። «ልብ ካለ ጊዜ አይጠፋም» ብሎ መናገር ለጎልማሳ ሰው ይቀላል። በደጋን አጠገብ ባለ መንደር የምትኖር ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች፥ ሕፃን ታዝላለች፤ ሲመሽም መብራት ሁልጊዜ አይገኝም። መጽሐፌን እጨርሳለሁ ያለችው ልጅ ያቋረጠችው ወድዳ አይደለም፤ የምታነብበት ሰዓት ስላልነበራት ነው። ሰዓት ደግሞ ከቤተ ሰብ ጋራ ተነጋግሮ የሚገኝ ነገር ነው።

ልጅቱ እናቷን፦ «እማዬ፥ ውኃውን ቀድቼ ከመጣሁ በኋላ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ መጽሐፌን ላንብብ፤ በዚያ ሰዓት አትላኪኝ» ብላ ብትለምናት፥ እናትዮዋ፦ «እሺ ልጄ፥ ሕፃኑ ሲያለቅስ ግን ትነሺያለሽ» ትላት ይሆናል። የተገኘው ሰዓት አጭር ነው፤ ነገር ግን የታወቀ ነው። በዚያ ሰዓት በቀን አንድ ገጽ ብታነብ በወር 30 ገጽ ይሆንላታል። መጽሐፉ 120 ገጽ ያለው ቢሆን፥ መስከረም 1 ቀን ጀምራ ታኅሣሥ 30 ቀን ትጨርሳለች።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ሒሳብ በወረቀት ላይ ቀና ነው፤ በሥራ ግን የሚጎድል ቀን አይታጣም። አንድ ሰኞ እናቷ ባቲ ገበያ ብትወርድ፥ ልጅቱ ቤት ስትጠብቅና ሕፃን ስትይዝ ትውላለች፤ ማታም ደክሟት ሳታነብ ትተኛለች። አሳብ የሚፈርሰው በዚህ ሰኞ አይደለም፥ በማግሥቱ ነው። ማክሰኞ «ሁለት ገጽ አነባለሁ» ትላለች፤ ሁለቱ ሳይሆንላት ይቀራል። ረቡዕ ሦስት ይሆንባታል፥ ሐሙስ አራት። ይህ እንደ አራጣ ብድር ነው፤ ባለ ዕዳው መክፈል ሲያቅተው አበዳሪውን በሩቅ አይቶ መንገድ ይቀይራል። ልጅቱም መጽሐፉን ማየት ትጠላለች። ይልቁንስ ማክሰኞ የማክሰኞን አንድ ገጽ ብቻ ብታነብ፥ መጽሐፉ የሚያልቀው ጥር 1 ቀን ይሆናል። የተጎዳችው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ደግሞ ያሰቡትን ለሰው መንገር ይጠቅማል ይባላል። ይህ እውነት የሚሆነው ለማን እንደ ተነገረ ሲታወቅ ነው። አሳቡን ለመንደሩ ሁሉ የሚያወራ ልጅ፥ ሥራው ሳይጀመር ምስጋናውን አስቀድሞ ይቀበላል፤ ምስጋናውን ከበላ በኋላ ለሥራው የሚራብ አይሆንም። የሚጠቅመው «ዛሬስ አነበብሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው። እርሱም መምህር፥ ወይም ታላቅ እኅት፥ ወይም ማንበብ የማታውቅ አያት ልትሆን ትችላለች። ሰሌዳው በመምህሩ ፊት ካልተነበበ የማይታጠበው ስለዚሁ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው እስከ ምን ድረስ እንደሚጠቅም የአንድ መጽሐፍ ታሪክ ያሳያል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሊቅ የግዕዝን ቃላት ከነትርጓሜያቸው በአንድ መጽሐፍ ለመሰብሰብ አስበው ሥራውን ጀመሩ። ሥራው ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚበልጥ ሆነ። በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን የኖሩት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከእርሳቸው ተቀብለው ቀጠሉት። መዝገበ ቃላት የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን በአንድ ጊዜ አይጽፍም። አንዱን ቃል ያነሣል፥ ሥሩን ይመረምራል፥ በመጻሕፍት የት የት እንደ ተነገረ ይፈልጋል፥ ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ ዘመዶቹ ጋራ ያስተያየዋል፤ ከዚያም ወደ ሚቀጥለው ቃል ያልፋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ቃላቱን በሀለሐመ ተራ ሳይሆን በአበገደ ተራ አሰናዷቸው። በመካከሉም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱ በጣልያን ወረራ ሥር ሆና ነበር።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. አረፉ፤ መጽሐፉ ግን ገና አልታተመም ነበር። ይህን ያህል ዘመን የደከሙበትን ሥራ ሳያዩት ሞቱ። ብዙ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ከሣጥን ገብቶ ምስጥ ይበላው ነበር። እርሳቸው ግን አሳባቸውን በልባቸው ብቻ ይዘው አልኖሩም፤ አብረዋቸው በድሬ ዳዋ ለሠሩት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራ ሰጥተው ነበር። አደራ የተቀበለ ሰው በየቀኑ የሚጠይቀው አለ፤ ጠያቂው ቢሞት እንኳ ጥያቄው አይሞትም። አለቃ ደስታ የቀረውን አሟልተው፥ ያለውን አርመው፥ መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት። መምህራቸው ካረፉ 12 ዓመት ሆኖ ነበር። በመጽሐፉም ላይ የመምህሮቻቸው ስም እንዲነበብ አደረጉ።

ከዚህ በኋላ አለቃ ደስታ የራሳቸውን ሥራ ወደ ፍጻሜ አደረሱ። «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የሚባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው።